ለስትሮክ መርፌ አትፈልጉ፤ በሐዋሳ ለተዘዋወረው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሐዋሳ የዕድርና የሰፈር ቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ «ለምትወዱት ሁሉ አስተላልፉ» እየተባለ የሚዘዋወር ጽሑፍ አለ። ስትሮክ፣ ማለትም የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚመጣው ሕመም፣ ሲከሰት ቤተሰብ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚመክር ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ሕመምተኛውን ፈገግ በል፣ ተናገር፣ እጅህን አንሣ በሉት፤ ሦስቱንም ካቃተው ስትሮክ ነው፤ ምልክቱ ከለቀቀው ድካም ነበር፤ ካልለቀቀው ከተቀመጠበት ሳታንቀሳቅሱት አሥሩንም ጣቶቹን በመርፌ ወግታችሁ ደም አፍሱ፤ አስፒሪንና የግፊት ኪኒን ስጡት፤ ሲረጋጋ አዲስ አበባ ውሰዱት፣ እዚህ የሚደረግለት ነገር የለም። ለመከላከል ደግሞ ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት ይበቃል ይላል፤ የግፊት ኪኒን አንዴ ከተጀመረ ስለማይቆም ባይጀመር ይሻላል፤ ወጣት አይሰጋ፤ ጫት ደም ያዘዋውራል፤ ገላ ሲታጠቡ ከራስ አይጀመር፤ ለሽባው ወጌሻ ይጠራ።

ጸሐፊው ክፉ አስቦ ነው አንልም። ስትሮክ በድንገት የሚመጣና ቤተሰብ በዓይኑ ሊለየው የሚችል ሕመም መሆኑን መናገሩ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ምክር ግን ሕመምተኛውን ቤት የሚያቆይ ነው፤ ስትሮክ ላይ ደግሞ ቤት መቆየት ራሱ ጉዳት ነው።

«ሦስቱንም ካቃተው»

አደጋው «ሦስቱንም» በምትለው ቃል ላይ ነው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ በድንገት ከታየ ሌላ ማስረጃ አይጠበቅም። ምልክቱን የሚወስነው ደም የተቋረጠበት የአንጎል ክፍል ስለሆነ፣ አንዱ ክንዱ ብቻ ይዝላል፣ ሌላው እጅ እግሩ ደህና ሆኖ ቃል ይጠፋዋል።

አፈታተኑም መስተካከል አለበት። የተደናገጠን ሰው «ፈገግ በል» ከማለት «ጥርስህን አሳየኝ» ማለት ይቀላል፤ የከንፈሩ አንድ ጫፍ ሳይሳብ ከቀረ ምልክቱ እሱ ነው። እጅንም አንሥቶ ማውረድ አይበቃም። ሁለቱንም ክንዶቹን መዳፉን ወደ ሰማይ አድርጎ ወደ ፊት ይዘርጋ፣ ዓይኑን ይጨፍን፣ ቀስ ብላችሁ እስከ 10 ቁጠሩ። የዛለው ክንድ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ መዳፉም ወደ ውስጥ ይዞራል። አቅሙ ሙሉ በሙሉ ያልጠፋ ሰው ክንዱን ለአፍታ ማንሣት ስለሚችል፣ ብዙ ጊዜ «ደህና ነው» ተብሎ የሚታለፈው እዚህ ላይ ነው።

ንግግርን በተመለከተ እንደ ሐዋሳ ባለ ብዙ ቋንቋ በሚነገርበት ከተማ የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ሰውየውን በአፍ መፍቻ ቋንቋው አናግሩት። ሲዳምኛ ወይም ወላይትኛ ተናጋሪ የሆኑ አባት ከጭንቀት የተነሣ አማርኛው ቢደናቀፍባቸው ምልክት ላይሆን ይችላል። በገዛ ቋንቋቸው ቁልፍና ሰዓት እያሳያችሁ «ይሄ ምንድን ነው?» ስትሏቸው ስሙ ከጠፋባቸው ግን ምልክት ነው። ምላሱ ተሳስሮ እንደ ሰካራም የሚናገር አለ፤ ጥርት አድርጎ እያወራ ነገሩ የማይገጥምም አለ። ይህ ሁለተኛው ነው «ለክፎት ነው» ተብሎ ሆስፒታል ሳይደርስ የሚውለው። ጸሎትም ሆነ ጸበል ከሆስፒታል በኋላም ይደርሳል፤ አልጋው አጠገብ ሆኖ መጸለይን የሚከለክል ሐኪም የለም።

ጽሑፉ ጭራሽ ያላነሣቸው ምልክቶችም አሉ። በድንገት ሚዛን ስቶ መንገዳገድ፣ የአንድ ዓይን ወይም የግማሽ እይታ መጥፋት፣ አንድን ነገር ሁለት አድርጎ ማየት፣ በሕይወት ዘመን ታይቶ የማይታወቅ ድንገተኛ የራስ ምታት ከትውከት ጋር፣ እነዚህ ሁሉ ወደ ሆስፒታል የሚያስሮጡ ናቸው።

ፊት ብቻ ሲጣመም «ምች መታው» ማለት የተለመደ ነው። እርግጥ ፊትን ብቻ የሚያጣምም የነርቭ ሕመም አለ፤ እሱ ብዙ ጊዜ ግንባርንም ስለሚይዝ ሰውየው ቅንድቡን ማንሣትና ዓይኑን መክደን ያቅተዋል። በስትሮክ ግን ግንባር ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ይህን የምንነግራችሁ ቤት ሆናችሁ እንድትፈርዱ አይደለም፤ ቅንድቡ የሚነሣለት ሰው «ቀላል ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ከሆነና መለኪያው እጃችሁ ላይ ካለ ስኳሩን ለኩ። የስኳር ማነስ ስትሮክን ሊመስል ስለሚችል፣ ከ70 በታች ከሆነ ቁጥሩን ለሐኪም ንገሩ። መለኪያ ፍለጋ ጎረቤት መሄድ ግን አያስፈልግም፤ ሆስፒታል ሲደርስ የመጀመሪያው ምርመራ እሱ ነው።

ምልክቱ ከለቀቀው «ድካም ነበር» ማለቱ ከሁሉ የከፋ ምክር ነው። አፍ ተጣሞ በሃያ ደቂቃ ሲመለስ፣ ወይም እጅ ደንዝዞ ሲለቅ፣ ደም ሥሩ ተዘግቶ በራሱ ተከፍቷል ማለት ነው። የዘጋው ነገር ምንጭ ግን፣ ለምሳሌ ልብ ወይም አንገት ላይ፣ አሁንም ሊኖር ይችላል። ከእንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ በኋላ ሙሉ ስትሮክ የመምጣቱ አደጋ እጅግ ከፍ የሚለው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው። በዚያው ቀን ሐኪም ካየው መንስኤው ተፈልጎ ሕክምና ይጀመራል፤ ለምሳሌ ለተወሰኑት ሁለት ዓይነት የደም መርጋት መከላከያ ኪኒን ለ21 ቀን አብሮ ይሰጣል። ሰኞ አሞት ሐሙስ እታያለሁ የሚል ሰው ያመለጠው ይህ ነው።

«አሥሩን ጣት ወግታችሁ ደም አፍሱ»

ይህ ምክር የሐዋሳ ፈጠራ አይደለም፤ በብዙ ቋንቋ እየተተረጎመ ዓለምን ሲዞር ዓመታት አስቆጥሯል። አንድ ጎልማሳ ሰውነቱ ውስጥ 5 ሊትር ገደማ ደም አለው። ከአሥር ጣት ጫፍ የሚንጠባጠበው አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። የአንጎልን ግፊት አይቀንስም፣ የረጋውን አያሟሟም፣ የፈሰሰውን አይመልስም። መርፌው ለሌላ ሰው የዋለ ከሆነ ደግሞ ኤች.አይ.ቪና የጉበት ቫይረስ ሊያስተላልፍ ይችላል።

ዋናው ጉዳት ግን የሚበላው ጊዜ ነው። ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ ተሰልቷል። መርፌ ፈልጎ፣ በክብሪት አቃጥሎ፣ አሥሩንም ወግቶ ሁሉም እስኪደማ መጠበቅ 10 ደቂቃ ቢፈጅ 19 ሚሊዮን ነው።

«አስፒሪንና የግፊት ኪኒን ስጡት»

ስትሮክ ሁለት ዓይነት ነው፤ ወይ ደም ሥር ተዘግቷል፣ ወይ ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ፈስሷል። በበለጸጉት አገሮች ከ10 ሕመምተኞች 8 ወይም 9 የሚሆኑት የመዘጋት ናቸው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተሠሩ ጥናቶች ግን የመፍሰሱ ድርሻ ከዚያ በእጅጉ ከፍ ይላል። ራስ ምታትና ትውከት ወደ መፍሰስ ቢያመለክቱም ሁለቱን በእርግጠኝነት የሚለየው የአንጎልን ምስል የሚያነሣው ሲቲ ስካን ነው። ደም እየፈሰሰበት ላለ ሰው አስፒሪን መስጠት ደሙ እንዳይቆም ማገዝ ነው። ደግሞም ለምን ይቸኮላል? ለመዘጋቱ ቢሆን እንኳ አስፒሪን የሚጠቅመው ምርመራው ተሠርቶ በ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ለድንገተኛ የልብ ደም ሥር መዘጋት (ሃርት አታክ) የሚሰጠውን ምክር ወደ ስትሮክ ማምጣት ስሕተት ነው።

የግፊት ኪኒኑ ጉዳይ የባሰ ነው። በስትሮክ ሰዓት ግፊት ከፍ ብሎ ሲገኝ ሰው ይደናገጣል፤ የጎረቤት ኒፈዲፒን ምላስ ሥር ይደረጋል። ደም ሥር ሲዘጋ ግን በሞትና በሕይወት መካከል ያለው የአንጎል ክፍል የሚኖረው በዙሪያው ባሉ ቀጫጭን ሥሮች በሚገፋለት ደም ነው፤ የሚገፋው ደግሞ ያው ግፊት ነው። በአንዴ ሲያወርዱት ሊተርፍ የሚችለው ክፍል ይሞታል። ለዚህ ነው ሐኪሞች የመዘጋት ስትሮክ ላይ፣ የደም መርጋት ማሟሚያ የማይሰጥ ከሆነ፣ ግፊቱ ከ220/120 እስካላለፈ ድረስ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ቀን ለማውረድ የማይቸኩሉት። የፈሰሰ ደም ከሆነ በተቃራኒው በጥንቃቄ ያወርዱታል፤ የላይኛውን ቁጥር ወደ 140 ያቀርቡታል። አንዱን የሚያድነው ሌላውን ይጎዳል፤ ምርጫው የቤተሰብ ሊሆን አይችልም።

በአፍ የሚሰጥ ማንኛውም ነገር ይቅር። ውሃ፣ ማር፣ አጃ፣ ለጋ ቅቤ፣ ኪኒንም ጭምር። ከስትሮክ ሕመምተኞች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መዋጥ ይቸገራሉ። ትን ያለው ውሃ ሳንባ ገብቶ ከቀናት በኋላ የሳንባ ምች ሆኖ ሊወጣ ይችላል፤ ስትሮኩን ተርፎ በዚህ የሚሞት ብዙ ነው።

ታዲያ ቤተሰብ ምን ይሥራ? መጀመሪያ ሰዓት ይያዝ። የሚፈለገው ሰዓት የተገኘበት ሳይሆን ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ደህና ተኝቶ ከጠዋቱ 12 ሰዓት አፉ ተጣሞ ከተገኘ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከምሽቱ 4 ነው፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሽንት ቤት ሲሄድ ያየው ካለ ግን ከ9 ሰዓት። ይህ ልዩነት ሕክምና ያስገኛል ወይም ያስቀራል። ለሐኪሙ ስትነግሩ በሐበሻ ሰዓት መሆኑን ጨምሩ። ራሱን ከሳተ ወይም ካስመለሰው በጎኑ አስተኙት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለው አውጡለት። የሚወስዳቸውን ኪኒኖች በሙሉ ከነካርቶናቸው በፌስታል ያዙ፤ የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ካለበት መጀመሪያ እሱን ተናገሩ። ሲጀምረው ያየው ሰው አብሮ ይሂድ፤ ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያለው ዘመድ ይሄድና የቤት ሠራተኛዋ ቤት ትቀራለች፣ የምታውቀው ግን እሷ ነች። አምቡላንስ ቶሎ ካልመጣ መኪና ይፈለግ። የነቃና መቀመጥ የሚችል ሰው በባጃጅም ይሄዳል፤ አንድ ሰው ከዛለው ጎኑ ተቀምጦ ይደግፈው፣ ክንዱ ከበሩ ውጭ እንዳይንጠለጠል።

«እዚህ የሚደረግለት የለም፣ አዲስ አበባ ውሰዱት»

ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ቢቀና እንኳ 4 ሰዓት ይበላል፤ ሞጆ ላይ መኪና ከተጨናነቀ ከዚያ በላይ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ሂሳቡን ማንም መሥራት ይችላል፤ ቤት ውስጥ ለመርፌና ለዘመድ ጥሪ የጠፋውን ሳንጨምር ጊዜው መንገድ ላይ ያልቃል። በመንገድ ላይ ደግሞ አየር የሚያስገኝለትም፣ ሲያስመልሰው የሚያጸዳለትም ባለሙያ የለም።

እውነቱን ለመናገር ይህ መድኃኒት በአገራችን በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም። ከዚህ ተነሥቶ «ምንም አይደረግለትም» ማለት ግን ስትሮክን ከአንድ መድኃኒት ጋር ማምታታት ነው። ሲቲ ስካን ተነሥቶ መፍሰስ ወይም መዘጋት ይለያል። ስኳሩና ትኩሳቱ ይስተካከላል። ከመብላቱ በፊት አዋዋጡ ይፈተሻል፤ ካልቻለ በአፍንጫ ቱቦ ይመገባል። ግፊቱ እንደየዓይነቱ ይያዛል። የኋለኛው የአንጎል ክፍል ላይ ደም ከፈሰሰ ቀዶ ሕክምና ሕይወት ሊያተርፍ ይችላል። እነዚህ ተራ የሚመስሉ ነገሮች በተደራጀ መልክ ሲሠሩ ሞትንና ሽባነትን እንደሚቀንሱ በብዙ አገር ታይቷል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚኬደው ሲቲ ስካን ወዳለበት ቅርብ ሆስፒታል ነው። ሕዝቡ «ሪፈራል» የሚለው የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይሁን የግል ማዕከል፣ በማታና በእሑድ የሚሠራው የትኛው እንደሆነ በደህና ቀን ጠይቃችሁ እወቁ። አዲስ አበባ ካስፈለገ ሐኪሙ አረጋግቶ፣ ወረቀት ጽፎ ይልካችኋል።

«ወጣት አይሰጋ»

በእኛ አገር ይህ አባባል በተለይ ስሕተት ነው። በልጅነት በተደጋጋሚ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የልብ ቫልቭን ያበላሻል። ቫልቩ ሲጠብ የልቡ ላይኛ ክፍል ይለጠጣል፣ ምቱ ይዛባል፣ ደም እዚያ ተኝቶ ይረጋል። ከዚያ የተቆረሰች ቁራጭ ወደ አንጎል ትወጣለች። የ25 ዓመት ሴት ውሃ ስትቀዳ በድንገት ግማሽ ጎኗ የሚዝለው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ደረጃ ስትወጣ የሚያለከልካት፣ ልቧ ያለ ሥርዓት የሚመታባት፣ በእርግዝና ጊዜ ትንፋሽ የሚያጥራት ወጣት የልብ አልትራሳውንድ፣ ሰዉ «ኢኮ» የሚለውን፣ ትነሣ።

የቫልቭ ችግር ያለበት ሰው የፔኒሲሊን መርፌውን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ሳያስተጓጉል መወጋት አለበት። የቫልቭ መጥበብና የምት መዛባት አብረው ካሉ ዋርፋሪን ይጨመራል፤ ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው የአይ.ኤን.አር. ውጤቱ በ2 እና በ3 መካከል እንዲሆን በየጊዜው ደም ይታያል። አዲሶቹ ክትትል የማይፈልጉ የደም ማቅጠኛዎች ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ዋርፋሪንን አይተኩም፤ ፋርማሲ ላይ «የተሻለ አለ» ቢሏችሁ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አትቀይሩ። ጎመን አትብላ የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው። አንድ ሳምንት ጎመኑን በቆጮ እየደጋገመ በልቶ ሌላ ሳምንት መተው ነው ውጤቱን የሚያናውጠው፤ መጠኑ ተቀራራቢ ከሆነ ችግር የለውም። ከዋርፋሪን ጋር ዳይክሎፌናክ የተባለውን ማስታገሻ ለወገብ ሕመም መዋጥ ግን ሊያደማ ይችላል።

«ሽፈራው ይበቃል፣ ኪኒን አይጀመር»

ሽፈራውም ነጭ ሽንኩርትም ጥሩ ምግብ ናቸው፤ ብሉ። የግፊት ኪኒንን ተክተው ስትሮክ ይከላከላሉ የሚያሰኝ ማስረጃ ግን የለም። በ32 አገሮች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ኢንተርስትሮክ የተባለው ጥናት ከ10 ስትሮኮች 9ኙ ሊለወጡ ከሚችሉ 10 መንስኤዎች ጋር እንደሚያያዙ አሳይቷል፤ ግማሽ ያህሉን ድርሻ ብቻውን የያዘው ደም ግፊት ነው። የላይኛውን ቁጥር በ10 ነጥብ ማውረድ ስትሮክን በአንድ አራተኛ ገደማ ይቀንሳል።

«ከተጀመረ አይቆምም» የሚለው እውነት ነው፤ የማይቆመው ግን ሱስ ስለሚያስይዝ አይደለም፤ ግፊቱ ራሱ ስለማይቆም ነው። አምሎዲፒን ወይም ኢናላፕሪል እየወሰደ 125/80 የመጣ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ሲተው፣ በቀናት ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ምንም ስለማያመው አያውቅም። ራሱን ሲያመው ብቻ የሚውጠውም ያው ነው። እግሩ ካበጠ ወይም ደረቅ ሳል ከያዘው የኪኒኑ ጠባይ ሊሆን ይችላልና ይቀየርለት፤ ዓይነቱ ብዙ ነው።

ልኬቱም ራሱ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው። ከመናኸሪያ በፀሐይ በእግሩ መጥቶ ፋርማሲ በር ላይ ቆሞ የተለካ ሰው ቁጥሩ አይታመንም። 5 ደቂቃ ይቀመጥ፣ ጀርባው ይደገፍ፣ እግሩን አያነባብር፣ ሽንቱን ይሽና፣ ክንዱ በልቡ ልክ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ጨርቁ በባዶ ክንድ ላይ ይጠቅለል፣ እየተለካ አያውራ። ለወፍራም ክንድ ጠባብ ጨርቅ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። ከቡና በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይቆይ፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የጠጣ ሰው ወዲያው አይለካ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይመዝገብ። በተለያዩ ቀናት ጤና ተቋም ውስጥ 140/90፣ ቤት ውስጥ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለ።

ጨውን ጽሑፉ አላነሣውም፤ ከሁሉም የሚገርመን እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ጎልማሳ በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ ልሙጥ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ በርበሬውና ሽሮው ውስጥ ያለውም፣ በአካባቢያችን ቡና ላይ የሚጨመረውም ሁሉ ተደምሮ። ቀላል መለኪያ አለ፦ አምስት ጎልማሶች ባሉበት ቤት አንድ ኪሎ ጨው ቢያንስ 40 ቀን መቆየት አለበት። በሃያ ቀን የሚያልቅ ከሆነ እጥፍ ትበላላችሁ ማለት ነው።

«ጫት ደም ያዘዋውራል» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ልብን ያስሮጣል፣ ደም ሥርን ያጠብባል፣ ግፊትን ለሰዓታት ከፍ ያደርጋል። ምርቃናው ላይ ሲጋራ፣ ማታ ደግሞ ጨብሲ ሲጨመርበት፣ በአንድ ቀን ሦስት የስትሮክ መንስኤ ይደራረባል። በርጫ ስላለ ኪኒኑን ለነገ የሚያሳድር ሰውም አለ።

ገላ ሲታጠቡ ከራስ መጀመር ስትሮክ ያመጣል የሚለው መሠረት የለውም። እንደፈለጋችሁ ታጠቡ።

«ለሽባው ወጌሻ ይጠራ»

የዛለ ክንድ ትከሻው ላይ የሚይዘው ጡንቻ ስለላላ መገጣጠሚያው በቀላሉ ይወጣል። ወጌሻ ሲስበውና ሲያሸው፣ ወይም አስታማሚ ከአልጋ ሲያነሣው ያንኑ ክንድ ይዞ ሲጎትተው፣ ትከሻው ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ ሕመሙ እንቅስቃሴውን ያስጠላዋል። ሲነሣ ወገቡና የትከሻው አጥንት ተይዞ ይደገፍ። ሲተኛም ሲቀመጥም ክንዱ በትራስ ላይ ይረፍ። በየ2 ሰዓቱ ጎኑ ይገላበጥ፣ አለበለዚያ መቀመጫው ይቆስላል። ሲበላ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ከበላም በኋላ 30 ደቂቃ አይተኛ። አቅም በፍጥነት የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ስለሆነ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮው ከሆስፒታል ሳይወጣ ይያዝ፤ ባለሙያው ያሳየው እንቅስቃሴ ቤት ውስጥ በቀን ብዙ ጊዜ፣ በየጥቂቱ ይደገም።